ማታ የማይመለስ በሬ

በረኪና ሲሸት ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይይዛል፤ እኔ ጠጋ እላለሁ። አረፋ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው የልጅ ልጄ ሐያት መርሳ ባለው ግቢያችን ነጭ ነጩን ሁሉ ሰበሰበች፤ የአባቷን ጀለቢያ፣ የእኔን ነጠላ፣ የሳሎኑን መጋረጃ። ሰማያዊው ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፋ በረኪናውን ስታፈስበት ያ ሽታ ግቢውን ሞላው። «እማማ፣ ራቅ በሉ እንጂ፣ ያስልዎታል» አለችኝ። ማሳሉንስ ያስለኛል። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማረች ሴት ከክሎሪን ሽታ ወዴት ትሸሻለች? ሳፋው ውስጥ ያለው ክሎሪን ራሱ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ዘመዱ ነው። ዘመድም ቢሆን የቤቱን ሰው ማስታወሱ አይቀርም። እኔን ያስታወሰኝ ወልድያን ነው፤ የዘጠነኛ ክፍሉን የኋላ ወንበር፣ መምህር አድማሱን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወይኖ የሚባለውን በሬያችንን። በሬና ኬሚስትሪ ምን አገናኛቸው የምትሉ ትኖራላችሁ። ትንሽ ታገሱኝ፤ እኔም ነገሩ የገባኝ ብዙ ተስቆብኝ ነው።

ያን ጊዜ ከስምንተኛ ክፍል በላይ መማር ያማረው የእኛ ሰፈር ልጅ ስንቁን ተሸክሞ ወልድያ መግባት ነበረበት። እኔና አብሮ አደጌ ደብሪቱ ከመናኸሪያው በላይ ባለው ዳገት፣ ከአንዲት ጥጥ ፈታይ ባልቴት ጓሮ፣ በወር አምስት ብር አንዲት ክፍል ተከራየን። ግድግዳዋ በአሮጌ ጋዜጣ ተለጥፏል፤ ከራስጌያችን ያለችውን ገጽ ዛሬም በቃሌ እወጣታለሁ። ዳቦ አሥር ሳንቲም፣ ሻይ አሥራ አምስት ሳንቲም ነበር። ከመርሳ ወልድያ በአውቶቡስ አንድ ብር ያስከፍላል፤ እኛ ግን ያችን ብር ለማትረፍ መንገድ ዳር ቆመን የፊያት ሾፌሮችን እንለምናለን። መኪናው ጤፍ የጫነ ከሆነ ጆንያው ላይ ተኝተን እንደ ንግሥት እንገባለን፤ ከሰል የጫነ ከሆነ ደግሞ የሚያውቀን እስኪጠፋ ጠቁረን። እግራችን ላይ ኮንጎ ጫማ አለ። የዛሬ ልጆች ኮንጎን አታውቁትም፤ ፕላስቲክ ነው፣ ፀሐይ ሲመታው እግር ይቀቅላል፣ ዝናብ ሲመታው ያንሸራትታል፣ ግን እግዜር የፈጠረው እስኪመስል አይቀደድም። ሰማያዊ ቴትሮን ቀሚስ የደንብ ልብሳችን ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ናይለን ሻርፕ እናስርና ዝም ብለን ለመታየት ብቻ በመናኸሪያው በኩል እናልፋለን። እዚያ በሩ ላይ ሬዲዮ የሰቀለ ሻይ ቤት ነበር። ትዝታ ሲገባ ባለ ሻይ ቤቱ ብርጭቆ ማጠቡን ያቆማል፤ አምባሰል ሲገባ እኛ መሄዳችንን እናቆማለን። ዛሬ በዚያ በኩል ሳልፍ ሻይ ቤቱ የሞባይል መሸጫ ሆኗል፤ ዘፈኑ አለ፣ ግን ቆሞ የሚያዳምጥ የለም። እኔ እቆማለሁ፤ ባጃጆቹ ይጮሁብኛል።

ወደ በሬው ልመለስ። አባቴ እንድሪስ ከመርሳ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን አንድ ማሳና ወንዝ ዳር ጥቂት የብርቱካንና የፓፓያ እግር ነበራቸው። የደብሪቱ አባት አያ ተገኘ ክርስቲያን ናቸው፤ ማሳቸው ከእኛ ጋር ድንበር ይጋራል። አባቴ አንድ በሬ አላቸው፣ ቀይ ዳማ፣ ወይኖ ይባላል። አያ ተገኘም አንድ አላቸው፣ ግንባሩ ነጭ፣ ቦራ ይባላል። «አንድ በሬ ስቦ፣ አንድ ሰው አስቦ» እንዲሉ አንድ በሬ ለብቻው የትም አይደርስም። ስለዚህ ሁለቱ መቀናጆ ገብተዋል። ወይኖንና ቦራን በአንድ ቀንበር ይጠምዱና አንድ ቀን የአንዱን፣ አንድ ቀን የሌላውን ማሳ ያርሳሉ። ሲመሽ ቀንበሩ ይወርዳል፤ ወይኖ ወደ እኛ፣ ቦራ ወደ እነ ደብሪቱ፣ ሁሉም በየቤቱ ይገባል። ዓርብ ለጁምዓ፣ እሁድ ለሰንበት፣ በመሀል ደግሞ ለየታቦቱ ስለሚታረፍ በአገሩ እንደነሱ የታደሉ በሬዎች አልነበሩም። እኛንም ወልድያ ለመላክ የመከሩት ሁለቱ አባቶች ናቸው፤ በዚያው ቀንበር ሥር ሆነው ሳይሆን አይቀርም።

ይህ ያልጣመው አንድ ሰው ነበር፣ አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም። አጎቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሰው ጉዳይ ሳያቦካ መዋል የማይችል ሰው ብቻ ነበር። ለእኔ ባል አግኝቶልኛል። ሰዎቹ ቤታቸው ውርጌሳ ነው፣ አንድ ማሳቸው ግን ከእኛው አጠገብ ነው፤ አምስት በሬ አላቸው፣ ልጃቸውም የወርቅ ጥርስ አለው። አጎቴ ጥርሱን ሲያወራ ጥርሱ ብቻውን የሚያገባኝ ይመስል ነበር። ስሌቱ ቀላል ነው። «አምስተኛው በሬያቸው ጥማድ አጥቶ ቆሟል። ወይኖ ከእሱ ጋር ይቀናጅ። በሬዎቹ ከተቀናጁ ልጆቹ መቀናጀታቸው መቼ ይቀራል?» ይላል። አባቴ ብዙ አይናገሩም። «አንድ ዓመት ትማር። ከወደቀች ያልከው ይሁን» ብለው ቃላቸውን ሰጡት። እንግዲህ እኔ ወልድያ የገባሁት እንዲህ ሆኜ ነው፤ ከፊቴ ዘጠነኛ ክፍል፣ ከኋላዬ ውርጌሳ።

መምህር አድማሱ ገና ከኮሌጅ የወጡ ነበሩ። አፍሮ ጸጉር፣ የክፍሉን ጠመኔ ብናኝ የሚጠርግ ቤልቦተም ሱሪ። አንድ ቀን ትንሽ ጠርሙስ ይዘው ገቡና በየተራ አስሸተቱን፤ በረኪና ነበር። «ይህን ሽታ ያዙት» አሉ። «ክሎሪን ማለት ለብቻው ሲሆን ሳንባ የሚያቃጥል መርዝ ነው። ሶዲየም ደግሞ ለብቻው ውሃ ሲነካው የሚፈነዳ ብረት ነው። ሁለቱ ሲገናኙስ?» ብለው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱና ከአፋር በኩል በግመል የመጣ አሞሌ ጨው አወጡ። ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ሰብረው ለሁላችንም አቀመሱን። መርዝና እሳት ተጋብተው የእናቴ ወጥ ውስጥ መግባታቸውን ያኔ ነው ያወቅሁት። ዓለም እንዲህ ያለ ምሥጢር ካለው ውርጌሳ ብዙ ይጠብቅ አልኩ።

ግን መደነቅና መግባት ይለያያሉ። በማግስቱ ሰሌዳው ላይ ሶዲየም መጣ። መሀል ላይ አሥራ አንድ ፕሮቶን፣ እነሱ ፕላስ ናቸው። ዙሪያውን አሥራ አንድ ኤሌክትሮን፣ እነሱ ማይነስ ናቸው፤ ሁለት በአንደኛው ዙር፣ ስምንት በሁለተኛው፣ አንዱ ብቻውን በውጭኛው ላይ ቀርቷል። ክሎሪን በውጭኛው ዙሩ ላይ ሰባት አለው፣ ስምንት እንዲሞላለት አንድ ይጎድለዋል። «ሶዲየም አንዷን ይሰጥና ፕላስ አንድ ይሆናል» አሉ መምህሩ። እጄን አወጣሁ። ባላወጣው ኖሮ ስንት ሳቅ ይቀርልኝ ነበር!

«መምህር፣ ሰጥቶ እንዴት ፕላስ ይሆናል? የሰጠ ይጎድልበታል እንጂ።»

ከኋላ አንዱ የወልድያ ልጅ «የመርሳ ነጋዴ ነዋ! ሰጥቶም ያተርፋል!» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገለበጠው። መምህሩ ማስረዳታቸውን አስረድተዋል፤ ግን እኔ ጆሮዬ በእፍረት ነዶ ምንም አልሰማሁም። እንዳልገባኝ እንኳ ለደብሪቱ አልነገርኳትም። እሷ ጎበዝ ናት፤ ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም ይባላል፤ እኔ ግን ብልህም አንበሳም ሳልሆን ሳልጠይቃት ቀረሁ።

የመንፈቁ ፈተና መጣ። «ሶዲየምና ክሎሪን እንዴት ይጣመራሉ?» ይላል። አሰብኩ። አንዱ አንድ አለው፣ ሌላው አንድ ይጎድለዋል፣ ለየብቻቸው የትም አይደርሱም። ይህንንማ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሳየው አደግሁ! እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «መቀናጆ ይገባሉ። ቀን ቀን አብረው ያርሳሉ። ማታ ሶዲየም ኤሌክትሮኑን ነድቶ ቤቱ ይገባል።» ከመውጣቴ በፊት ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ወደድኩት።

መምህር አድማሱ ስሜን ሳይጠሩ ለክፍሉ አነበቡት። ስሜን መጥራት አላስፈለጋቸውም፣ ወንበሬ ሥር ልገባ ምንም አልቀረኝም። «ይህ ተማሪ እንዳለው ከሆነ» አሉ፣ «ማታ ማታ ኤሌክትሮኑ ቤቱ ስለሚገባ የወልድያ ወጥ ሁሉ ጨው አልባ ሊያድር ነው።» ክፍሉ ጠረጴዛ ደበደበ። በቀይ እስክሪብቶ ዜሮ፤ ከሥሩ ደግሞ «ያቺ ኤሌክትሮን ተሰጥታለች፣ አትመለስም» የሚል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ዘሃራ መሆኑ ቀርቶ መቀናጆ ሆነ። በመናኸሪያው በኩል ሳልፍ ናይለን ሻርፔን ማንም አያይልኝም፤ «መቀናጆ! በሬሽን ማታ አስገባሽው?» ነው። ይህን ሁሉ ዛሬ ስጽፈው እየሳቅሁ ነው፣ ያኔ ግን ውርጌሳ በአንድ ቀን አሥር እርምጃ ቀረበችኝ። እኔም በተራዬ መምህር ከሆንኩ በኋላ እንዲህ ያለ መልስ ስንቴ አጋጥሞኛል፤ ልጅ ሲሳሳት አገሩን ይዞ ነው የሚሳሳተው። ዜሮ መስጠቱን ሰጥቻለሁ፤ ግን መጀመሪያ ሁለት ጊዜ አነበዋለሁ።

የእረፍቱ ሳምንት ቤት ገባሁ። የበልግ እርሻ ተጀምሯል። አባቴ ብርቱካኖቹ ሥር ቦይ እየጠረጉ አገኘኋቸውና ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ማንበብ አይችሉም።

«ይቺ ክብ ምንድን ናት?» አሉኝ።

«ዜሮ ናት፣ አባባ።»

«ስንት ማለት ነው?»

«ምንም።»

ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። «አብሽሪ ልጄ። አላህ ያውቃል» አሉና ቦያቸውን መጥረግ ቀጠሉ። እኔ ግን አላበሸርኩም፤ ምክንያቱም በማግስቱ አጎቴ ወሬው ደርሶት መጣ። ከበር ሳይገባ «ነግሬህ አልነበር?» ይላል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። የውርጌሳ ሰዎች በሬያቸውን ለማቀናጀት ሊመጡ ነው፣ ሰኔ ላይ ደግሞ ለሌላው ጉዳይ ይመለሳሉ፣ ከወዲሁ ማር ይዘጋጅ ይላል።

በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ለአራሾቹ ምሳ ይዤ ማሳው ደረስኩ። አጎቴም ማሳው ዳር ቆሞ የሚታረሰውን መሬት በዓይኑ ይለካል። አባቴ ወይኖን ከቀንበሩ ፈትተው ገመዱን አያ ተገኘ እጅ ላይ አኖሩት።

«ወገቤ እንቢ ብሎኛል። ወይኖ ያንተ ነው። ማታም አትመልሰው» አሉ።

«ኧረ በማርያም! እንድሪስ፣ ምን ነክቶሃል?» አያ ተገኘ ገመዱን እንደ እባብ ወረወሩት።

አባቴ አንስተው መለሱላቸው። «ቦራ ብቻውን አያርስ። እኔ ብርቱካኔ ይበቃኛል። ውሰድ ስልህ!»

አጎቴ ጥምጥሙን ፈትቶ ጠመጠመ፣ ፈትቶ ጠመጠመ። «አንተ ሰው አብደሃል! ወላሂ አብደሃል! ያለህን አንድ በሬ?» ብሎ ሲጮህ ከማዶ ያሉ አራሾች ሁሉ ሞፈራቸውን አቁመው አዩን። አባቴ ግን ዘወር ብለው «ምሳው ቀዘቀዘ» አሉኝ፤ ይህን ብቻ ነው ያሉት።

አሁን ማታውን ስሙኝ። ወይኖ ኬሚስትሪ አልተማረም። ስድስት ዓመት ሲመሽ እኛ ቤት የገባ በሬ ተሰጥቻለሁ ብሎ አያምንም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከእነ ደብሪቱ ግቢ ይወጣና ወንዟን ተሻግሮ እኛ በር ላይ ቆሞ ያጓራል። ከኋላው አያ ተገኘ ዱላቸውን ይዘው ይደርሳሉ። «እንድሪስ! ልጅህ ዛሬም መጥቷል!» ይላሉ። አባቴም ከውስጥ «ልጅነቱን ሰጥቼሃለሁ፤ በሬህን ልትወስድ ከሆነ ግን ግባና እረፍ» ይላሉ። አያ ተገኘ ይገባሉ። ቁጭ ይላሉ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ፓፓያው፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ይወራል። በማግስቱም እንዲሁ። እነዚህ ሰዎች በመቀናጆው ዘመን ማሳው ጠርዝ ላይ «ደኅና እደር» ተባብለው ሲለያዩ ነው የማውቃቸው፤ በሬው ሲሰጥ ጊዜ ግን መለያየት አቃታቸው። አያ ተገኘ ሳይጠየቁ የእኛን ማሳ ከራሳቸው አስቀድመው ያርሳሉ፤ አባቴም የመጀመሪያዋን የበሰለች ብርቱካን ለእነሱ ይልካሉ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ወይኖን ሳይ፣ ሁለቱን ሽማግሌዎች ሳይ፣ ያ ቀይ እስክሪብቶ ትዝ አለኝ። ተሰጥታለች፣ አትመለስም። ጨው የሚሆነው እንዲህ ነዋ! ጮኼ ልናገር አሰብኩ፤ ግን ለማን? ለወይኖ ነገርኩት።

የቀረችኝ ያቺ ፕላስ ናት። እሷን ያስረዳችኝ ደብሪቱ ናት፣ ወልድያ ከተመለስን በኋላ። ደብሪቱ ሁዳዴ ትጾም ስለነበር የበቆሎና የባቄላ ንፍሮ ነው የምንበላው። እፍረቴን ዋጥ አድርጌ ጠየቅኋት። ንፍሮውን ትሪው ላይ ዘርግታ «አሥራ አንድ በቆሎ ቁጠሪ፣ ፕላሶቹ ናቸው። አሥራ አንድ ባቄላ ቁጠሪ፣ ማይነሶቹ ናቸው። ሁሉንም ጥንድ ጥንድ አድርጊያቸው» አለችኝ። አደረግሁ። ከዚያ አንዷን ባቄላ አንስታ በላቻት።

«አሁን ጥንድ ያጣው ማን ነው?»

«አንድ በቆሎ።»

«በቆሎ ጨመርኩልሽ?»

«የታባሽ! ባቄላዬን በላሽብኝ እንጂ።»

«ታዲያ በቆሎው ከየት መጣ?»

«ከየትም። ነበር።»

«ፕላስ አንድ ማለት እሱ ነው። አልመጣም፣ ነበር። ባቄላዋ ስትሄድ ታየ» ብላ ሌላ ባቄላ ልትበላ ስትል እጇን መታኋት። ዛሬም ድረስ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም። ያኔም መጀመሪያ ያሰብኩት ሶዲየምን አልነበረም። መንደሩ ሁሉ «እንድሪስ ደግ ሆነ» ይል ነበር። አባቴ ደግ የሆኑት ያን ቀን ማሳው ላይ አይደለም፤ ነበሩ። በሬው ሲሄድ ታየ፣ አለቀ። ይህን ሳስብ ንፍሮውን ትቼ ትሪውን አየሁ፤ ደብሪቱ ስለ ባቄላዬ ያዘንኩባት መሰላትና አንድ መለሰችልኝ።

ከፋሲካ በኋላ ሌላ ምዕራፍ ጀመርን። ሁለት ክሎሪኖች ሲገናኙ ሁለቱም አንድ አንድ ይጎድላቸዋል፤ ስለዚህ አንዱም አይሰጥም፣ ሁለቱም አንድ አንድ አዋጥተው በጋራ ይጠቀማሉ። መምህር አድማሱ ይህን ሰሌዳው ላይ እየጻፉ ሳለ ጠመኔያቸው ቆመ። ዘወር አሉ። «መቀናጆ፣ ተነሺ! ያ መልስሽ ቦታው አሁን ደረሰ» አሉኝ። ወጥቼ ወይኖንና ቦራን በአንድ ቀንበር ጠመድኳቸው። «በእውነቱ እዚህ ማታ የለም፣ ቀንበሩም አይወርድም» ብለው አረሙኝ፤ ግን ክፍሉ አጨበጨበልኝ። ያ የወልድያ ልጅ እንኳ አጨበጨበ። ከዚያ ወዲህ ስሜ ያው መቀናጆ ነው፣ አጠራሩ ብቻ ተለወጠ።

ሰኔ ላይ ያው ጥያቄ መጣ። አሁን ግን እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ ባለ አንዱ አንዱን ይሰጣል፣ ማታ አይመልስም፤ የሰጠው ፕላስ ይሆናል፣ የተቀበለው ማይነስ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ በሬው ሳይሆን ሰጪና ተቀባዩ ራሳቸው ይሳሳባሉ። መምህሩ ሙሉ ነጥብ ሰጥተው ከሥሩ «ጨው ሆነ» ብለው ጻፉበት። አለፍኩ። ካርዴን ይዤ ከፊያት ላይ ስወርድ የኮንጎዬ አንዱ እግር መኪናው ላይ ቀረ፤ በአንድ ባዶ እግሬ ሮጬ ቤት ገባሁ። አባቴ ካርዱን ገለበጡት። «ያቺ ክብ የለችም?» አሉኝ። «የለችም፣ አባባ!» አልኳቸው። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበርና ወይኖ በሩ ላይ አጓራ። ባለ ወርቅ ጥርሱ ከዓመት በኋላ ሌላ አገባ፤ ደግ ሰው ነው፣ ገበያ ሲያገኘኝ ዛሬም ፈገግ ይልልኛል፣ ጥርሱም አለች።

ይህን ሁሉ ነው ለሐያት ሳፋው አጠገብ ተቀምጬ ያወራሁላት። ደብሪቱም ነበረች። ወልድያ ትኖራለች፤ ለአረፋ እሷ መርሳ ትመጣለች፣ ለጥምቀት እኔ ወልድያ እሄዳለሁ፤ አንድም ዓመት ተዛንፎብን አያውቅም። ጨርቁን እያጠበች የምትሰማው ሐያት ቀና አለች።

«እማማ፣ ግን ቅድመ አያቴ ለምን ሰጡት? ወገባቸውን ካመማቸው ሸጠውት ገንዘቡን አይጠቀሙም ነበር?»

«ወገባቸውን ስላመማቸው ነው አልኩሽ እኮ» አልኳት።

ደብሪቱ ነጠላውን እየጨመቀች ሳለ እጇ ቆመ። ትክ ብላ አየችኝ።

«የምን ወገብ? እንድሪስን ወገባቸውን አሟቸው ያውቃል?» አለችኝ። «ዜሮሽን ይዘሽ የመጣሽ ዕለት አይደል እንዴ እኛ ቤት የመጡት። እናቴ ሰምታለች። ለአባቴ ምን አሉት መሰለሽ? ‹ለአማቼ ቃል ሰጥቼበታለሁ፣ ማጠፍ አልችልም። እነዚያ ሰዎች የሚመጡት ግን ለበሬው ነው። ይህ በሬ እኔ ቤት ካደረ ልጄን ይዞብኝ ይሄዳል። ውሰድልኝ፤ ማታም አትመልሰው።› ማሳው ላይ የተከራከሩት ለአጎትሽ ነው። አባቴ ገመዱን ሲወረውር አይተሽ አመንሽ? ዋዜማውን ማታ ሲለማመደው እኮ በሳቅ ገድሎናል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«የምታውቂ መስሎኝ! መንደሩ ሁሉ ያውቃል!»

ሐያት ሳቋን መያዝ አቅቷት ሳፋው ላይ ተደፋች። ደብሪቱም ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ ሳቄ መሀል ላይ እንባ ሆነ፣ «በረኪናው ነው» አልኳቸው፤ ማንም አላመነኝም። ነጠላዬን ገመዱ ላይ አሰጣነው፣ በረዶ መስሏል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየክፍሉ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ወይኖ ለአያ ተገኘ የተሰጠ በሬ ነው እያልኩ አስተምሬያለሁ። ተሳስቻለሁ። የተሰጠው ለእኔ ነው።